አፋቸውን የሚከድኑ ልጆች

ዓርብ፣ መጋቢት 12 ቀን

እትዬ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሁለት ነገር ደብቄሻለሁ፤ አንዱን ልናገረው እችል ይሆናል፣ ሌላውን እንጃ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ከረምሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ብርዱስ ቀለለ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? አሠሪሽ ሴትዮ ጸባይዋ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ምሳ ላይ አንቺን ቆጥሬ አንድ ሳህን አስበልጬ ማውጣት አልተውኩም እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም።

ይህችን እስክጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። አንዴ ውሃ ልጠጣ፣ አንዴ በሩን ልዘጋ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ጠፍቶኝ ተመለስኩ። እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ምን እንደ ቁንጫ ያዘልልሻል አለችኝ። ነገ ነዋ!

አንደኛው ይኸው፦ የልጆች የመዝሙር ቡድን እየመራሁ ነው፤ ነገ በወላጆቻቸው ፊት ይዘምራሉ። እንዳትስቂ። ዓምና እማዬ የሰፋችላቸውን ልብስ ላደርስ ሄጄ፣ የመዝሙር አስተማሪዋ እስኪለኩት ቆዪ አለችኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ የትንንሾቹን ጫማ አስራለሁ፣ ከኋላ ቆሜ እንቅስቃሴውን አብሬ እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት አስተማሪዋ ወለደች። ከአራስ ቤት እስክትወጣ ማን ይምራቸው ሲባል እንቅስቃሴውን በሙሉ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ጠፋ። እኔ እኮ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ ብላት፣ «እግርሽ አላቋረጠም» አለችኝ።

ልጆቹ ሠላሳ ናቸው። «ቲቸር ዝምታ» ነው የሚሉኝ፤ በክፋት አይደለም። ብዙ ስለማልናገር በእጄና በእግሬ ነው የምመራቸው። መዝሙሩ ስለ ዛፍ ነው። ዘር ሳለ ቁጢጥ ይላሉ፣ ሲበቅል ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ነፋስ ሲመጣ እየተወዛወዙ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ ከሁሉ ከፍ በሚልበት፣ ሁለት እጃቸው ቅርንጫፍ ሆኖ ይዘረጋል። ፊት ለፊታቸው ስለምቆም እነሱ ወደ ቀኝ እንዲሄዱ እኔ ወደ ግራ መሄድ አለብኝ። ይህን እስክለምድ ስንቴ እርስ በርስ አጋጨኋቸው! ግን ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ መቆም እንዴት እንደተመቸኝ አልነግርሽም።

ትናንት ዝግጅቱ በሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ሙሉውን ሞከርነው። ስንጨርስ በሩ ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ደስ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ግን ምነው ልጆቹ አፋቸውን ያዙ? ጥርሳቸውን አሟቸው እንዴ? ድምፁ እኮ ድስት ውስጥ የገባ ዝንብ መሰለ» አሉኝ። እኔ እዚያ ቦታ ስደርስ ዓይኔን ስለምጨፍን አላየሁም ነበር። ዞሬ ማን አፋችሁን ክደኑ አላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከሁሉ የምታንሰው፣ ቅንጣት የምንላት፣ ወገቧን ይዛ፣ «አንቺ ነሻ! ሁልጊዜ እዚህ ጋ እንዲህ ታደርጊያለሽ» አለችና አንዱን እጇን ዘርግታ በሌላው መዳፏ አፏን ከደነችልኝ። ትንሿ ጣቷ ሳትቀር ቀና ብላለች። ቁርጥ የእኔ፣ እትዬ።

ተዉት አልኳቸው። እሺ አሉ። እንደገና ጀመርን፤ ቦታዋ ስትደርስ ዓይኔን ገልጬ ባይ የእኔው እጅ አፌ ላይ ነው። የእነሱም በገመድ የታሰረ ይመስል አብሮ ወጣ። በሦስተኛው እጆቼን ከኋላዬ ቆልፌ አፌን ገጠምኩ። እነሱም ገጠሙ! አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻውን ቀረ። ደግ ሰው ነው፣ ሳቁን ዋጠና፣ ከከበደሽ ነገ እኔ እይዛቸዋለሁ፣ እንቅስቃሴው ቀርቶ ቆመው ይዘምሩ አለኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ቅንጣት ሰምታ ኖሮ፣ «ታዲያ ዛፉ አይበቅልም ማለት ነው?» አለችኝ። ላስብበት ብዬው ወጣሁ። ይኸው እስካሁን ማሰብ ነው፤ አሁንም ተነስቼ መጣሁ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ጥርሴን ረስቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሽከረከር አምልጬሽ ወድቄ ጥርሴ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ በሰው ፊት አፌን በሰፊው ከፍቼ አላውቅም። በደወልሽ ቁጥር ይቅርታ ስትዪኝ፣ እንዳታዝኚ ብዬ፣ ኧረ ትዝም አይለኝ እልሽ ነበር። በላክሁልሽ ፎቶ ሁሉ ከንፈሬ ግጥም ያለው ለዚህ ነው። አንዲት ስባሪ ጥርስ ስደብቅ ግን ሠላሳ አፍ ከደንኩ። ቅንጣት እኮ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀው እንደ ልቧ ነው የምትስቀው። እሷ ያላፈረችውን እኔ አስተማርኳት።

እማዬ መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ነገ ፊተኛው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው። አባዬ የላክሽለትን ሹራብ ለማጠብ እንኳ የሚያስወልቀው ጠፍቷል፤ ግንባርሽን ይስምሻል። አክስቴ ደግሞ፣ ከስታ እንደሆነ እውነቱን ጠይቂልኝ ብላለች።

ነገ ጠዋት፣ ወላጆች ሳይመጡ፣ ልጆቹን አስቀምጬ ጥርሴን አሳያቸዋለሁ። ተራ በተራ ቀርበው ይዩት፤ የሚስቅም ይሳቅ፤ እስኪወጣላቸው እጠብቃለሁ። ከዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹን ቦታህ ላይ ተቀመጥ እለዋለሁ። መጨረሻው ላይ ዓይኔን አልጨፍንም፤ ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ አብሬያቸው እዘምራለሁ። ፎቶ አንሺም ይመጣል ተብሏል፤ ሁላችንንም ከጎን እንዲያነሳን እነግረዋለሁ። ፎቶው ሲደርስሽ ይቅርታ እንዳትዪኝ። አፍ አፋችንን ቁጠሪ፤ ሠላሳ አንድ ይሁን።

ታናሽ እህትሽ
ከእማዬ የስፌት መኪና አጠገብ