ጥያቄዬን ስላጠበቡልኝ

ለክቡር የወንዞች ክትትል መሥሪያ ቤት የመረጃ አሰጣጥ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ጠረጴዛዎም እንደ ወትሮው ከወረቀት የጸዳ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ላለፉት አሥራ አንድ ወራት ከክፍልዎ ጋር ስጻጻፍ የቆየሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሜን ቢረሱት አልቀየምም፤ የመዝገብ ቁጥሬን ግን እንደሚያስታውሱት እርግጠኛ ነኝ። በግል ስጽፍልዎ መልስ የሚደርሰኝ በሠላሳ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ዛሬ በአደባባይ መጻፌ ጊዜዎን ላለመሻማት ብቻ መሆኑን ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የጠየቅሁት ወረቀት በመጨረሻ ስለደረሰኝ ላመሰግንዎ ነው የተነሣሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤትዎ ወንዝ ለኪ ነበሩ። ከላይኛው ድልድይ ሥር የቆመውን፣ በሜትርና በሳንቲሜትር ቀለም የተቀባውን ምሰሶ ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያነባሉ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፣ ከዚያም ድልድዩ አጠገብ ካለችው አንድ ክፍል ቤት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተረኛ ክፍል ይደውላሉ። ውሃው አራት ሜትር ካለፈ ሰዓት ሳይጠብቁ ይደውላሉ፤ ተረኛው ደግሞ በታችኛው መሻገሪያ የተተከለውን ሳይረን ያስጮኻል። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የክረምት ሐሙስ፣ እኛ ሰፈር ጠብታ እንኳ ሳይጥል፣ ወንዙ ከላይ ሞልቶ መጣ። ሳይረኑ አልጮኸም። በታችኛው መሻገሪያ አሸዋ ሲያወጡ የነበሩ አራት ሰዎችን ውሃው ይዟቸው ሄደ። መሥሪያ ቤትዎ በሳምንቱ ባወጣው መግለጫ፣ በዕለቱ ከመለኪያ ጣቢያው የደረሰ ጥሪ እንደሌለ አስታወቀ። አባቴ በዚያው ወር ከሥራ ተሰናበቱ፤ ደብተራቸውን ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ አጣሪዎች ወስደውት በዚያው ቀረ።

አባቴ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የተናገሩት አንድ ቃል ነው። "ደውያለሁ።" ለአጣሪዎቹም፣ ለእናቴም፣ ለእኔም ያንኑ። ሰፈሩ ግን የመግለጫውን ቃል ያዘ፤ ስማቸው ቀርቶ "ያልደወለው" ተባሉ። ዳቦ ሊገዙ ሲሰለፉ ከፊታቸው ያለው ሰው ዞር ብሎ ያያቸውና መልሶ ይዞራል። መንገድ የጠየቀ እንግዳ ሲመጣ "ከያልደወለው ቤት ዝቅ ብሎ" እየተባለ ይጠቆማል፤ በክፋት አይደለም፣ ሌላ ስም ስለጠፋ ነው። አባቴ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ ጥቂት ይቆማሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ማታም እንዲሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሳያቸው እጄ ይቆም ነበር፤ በኋላ ስፌቴን አላቆምም።

ማንኛውም ሰው የመንግሥት ሰነድ የመጠየቅ መብት እንዳለው አንዲት ደንበኛዬ ስትነግረኝ ጻፍኩልዎ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ክፍልዎ ቁጥር እንደሚወድ ከመልሶችዎ ተምሬአለሁ።

1ኛ. "የዕለቱን ጎርፍ የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ ይሰጠኝ" ብዬ ላቀረብኩት ጥያቄ፣ በሠላሳኛው የሥራ ቀን፣ ሰነዶቹ አርባ አንድ ሺህ ገጽ እንደሚሆኑና ጥያቄዬ እጅግ ሰፊ ስለሆነ እንዳጠብበው የሚገልጽ መልስ በክብር ደርሶኛል። ስለ አራት ሰዎች አርባ አንድ ሺህ ገጽ መጻፉን ሳውቅ፣ መሥሪያ ቤቱ ነገሩን ችላ ብሎታል ብዬ ማሰቤ አሳፈረኝ። ሰፊ መባሉን አልተቀየምኩም፤ እኔም ሰፊ ነኝ። ማጥበብም ቢሆን የዕለት ሥራዬ ነው፤ የከሳ ሰው ልብሱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። የአባቴን ሱሪዎች ከዚያ ክረምት ወዲህ ሁለት ጊዜ አጥብቤአለሁ።

2ኛ. "የዚያን ዕለት ሐሙስ ብቻ" ብዬ አጠበብኩ። ከሌላ ሠላሳ የሥራ ቀን በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ዘጠኝ ክፍሎች እንዳሉት፣ በዕለቱም ሁሉም ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ካልለየሁ ሠራተኞችን ከመደበኛ ተግባራቸው እንደማስተጓጉል በትሕትና አስረዱኝ። ለናሙና ይሆነኝ ዘንድ የዕለቱን የአትክልተኞች የሥራ ድልድል አባሪ አድርገው ልከውልኛል። በዚያ ሐሙስ ሁለት አትክልተኞች የግቢውን ሣር ውሃ ሲያጠጡ እንደዋሉ የተረዳሁት ከዚያ ነው። ይህን ሳልጠይቅ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ሦስተኛውን ጥያቄ፣ "የተረኛ ክፍሉን የስልክ መዝገብ" የሚለውን፣ ራሴ ይዤ መጣሁ። የመረጃ ክፍልዎ መስኮቶች ሦስት ናቸው፤ መናገሪያ ቀዳዳቸው ከሰው ደረት ዝቅ ብሎ ስለተቀደደ መብቱን የሚጠይቅ ሁሉ አጎንብሶ ይጠይቃል። ከሦስቱ በአንዱ የተቀመጠችው ሠራተኛ፣ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፣ ማመልከቻዬን አነበበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ ሰዓት ጻፊበት። ሰዓት ከሌለው ይመልሱታል፤ መልሱን የምተይበው እኔ ነኝ" አለችኝ። ስንት ሰዓት ልበል ብላት፣ "እሱን እኔ አላውቅልሽም፤ ብቻ ብዙ አትበይ፣ አንድ ሰዓት በቂ ነው" አለች። እባክዎ እንዳይቀጧት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት መረጃ እሷ የሰጠችኝ ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅኋቸው። ውሃው ምሰሶውን ሲወጣ አይተው ዳገቱን ሮጠው ነው የደወሉት፤ ሰዓት አላዩም። "ቀትር ነበር በያቸው" አሉ። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው ብዬ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት አልኩ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ በእርስዎ አላሳብብም።

4ኛ. ከስድስት እስከ ሰባት ያለው ብቻ እንዲታይ ከላይም ከታችም በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ የተገለበጠ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደረሰኝ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የተመዘገበው ጥሪ አንድ ነው፤ የሠራተኞች አውቶቡስ ስለተበላሸ ይዘገያል ይላል። ለአባቴ ሰጠኋቸው። አንብበው መለሱልኝና "እንግዲህ" አሉ። በዚያች ቅጽበት፣ ሳይደውሉ ቀርተው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን በአደባባይ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን አስቤዋለሁ። አስቤም እራታቸውን አቀረብኩላቸው። እሳቸውም ማሰቤን ያወቁ ይመስለኛል፤ ሳህናቸውን ራሳቸው አንሥተው አጠቡ።

ገጹ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከረመ። አንድ ቀን ክር ስፈልግ አወጣሁትና በመኪናዋ መብራት ሥር አየሁት። የሸፈነው ሠራተኛዎ ቸኩሎ ይሁን ደክሞት፣ ነጩ ወረቀት በአንድ ወገን ዘሞ ኖሮ፣ ከስድስት ሰዓቱ መስመር በላይ የፊደላት እግር ብቅ ብሏል። ምን እንደሚል አይነበብም። ግን መስመር ነበር። እንደገና ጻፍኩልዎ፦ "ከዚሁ ገጽ፣ ከዚሁ መስመር ከፍ ብሎ ያለው አንድ መስመር።"

5ኛ. ይህ እንደ አዲስ ጥያቄ ተቆጥሮ አዲስ ቁጥር ተሰጠው፣ ሠላሳ ቀን ተቆጠረለት፣ "ለጥልቅ ምርመራ" ሲባልም አሥራ አምስት ቀን ተጨመረለት። አንዲት መስመር በጥልቀት ለመመርመር አርባ አምስት ቀን ብቻ መውሰዱ የክፍልዎን ትጋት ያሳያል። ከዚያም መጣች። የተቀባዩ ስም የግል ምስጢር ስለሆነ በጥቁር ተቀብቷል። "የተወሰደ እርምጃ" የሚለው ዓምድም የውስጥ አሠራር ስለሆነ በጥቁር ተቀብቷል። ከሁለቱ ጥቁሮች መካከል የተረፈው ይህ ነው፦

"5፡40። ከላይኛው ድልድይ ጣቢያ። ውሃው አራት ሜትር ከሃያ፤ እየጨመረ ነው።"

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደስ ይላቸዋል ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "ጽፈውታል እኮ" አሉ። ኮታቸውን ለበሱና፣ "ነይ፣ ባለወፍጮዋ ጋ እንሂድ" አሉኝ።

ባለወፍጮዋ ከአራቱ ሟቾች የአንዱ እናት ናቸው። አባቴ በእሳቸው በር ካለፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ገበያ እንኳ ሲሄዱ በሌላ መንገድ ነው የሚዞሩት። ስንገባ ሴትዮዋ ሞተሩን አጠፉት። እህል ይዘው የተሰለፉት ሁሉ ዞሩ። አባቴ ወረቀቱን ዘርግተው፣ "ደውዬ ነበር። ይኸው" አሉ። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው።

"ስንት ሰዓት አልሽ ልጄ?"

"አምስት ከአርባ።"

እጃቸውን ከዱቄቱ በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብለው። "ልጄ ለምሳ ገብቶ ነበር" አሉ። "የወጣው የስድስት ሰዓት ዜና ሲጀምር ነው፤ ጫማውን ሲያስር ሰምቶታል። ያ ሳይረን ደግሞ እዚህ ድረስ ይሰማል። ለሙከራ ሲያስጮኹት እንኳ ይሰማል።" ከዚያ ወደ ማንም ሳያዩ፣ "ሃያ ደቂቃ እቤቴ ነበር ማለት ነው" አሉ።

አባቴ "አዎ" አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ እርስዎ አልደወሉም ብዬ ነበር የምተኛው።"

ሴትዮዋ ሰው እየጠበቀ ስለሆነ ሞተሩን አስነሡ፤ ከዚያ በኋላ ቢነገርም አይሰማም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው፣ "ሰዓቱን ባታነቢላቸው ምን ነበረበት" አሉኝ። በቁጣ አይደለም። እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት።

6ኛ. ስለዚህ ዋናውን ምስጋና በዚህ ቁጥር ላድርስ። በመጀመሪያው ጥያቄዬ አርባ አንድ ሺሁን ገጽ አስረክበውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺን አንድ መስመር ዕድሜዬን ሙሉ ባላገኘኋት ነበር፤ የአትክልተኞቹን ድልድል አልፌ እስከ ስልክ መዝገቡ መድረሴንም እጠራጠራለሁ። እርስዎ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰለቹ፣ ከጎርፍ ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ መስመር እየመሩ፣ ሌላው ሁሉ ተቆርጦ እስኪወድቅ አጠበቡልኝ። ክፍልዎ ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህን ለማድረግ አስቦ እንዳልነበርም አውቃለሁ።

መግለጫውን ታርሙታላችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ ማረም ሰፊ ጥያቄ ይሆንብዎታል። ዳቦ ቤት ያለው ሰልፍ በራሱ ጊዜ አርሞታል፤ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ለአባቴ ተራውን ለቀቀላቸው። ተቀበሉት። ምን እንደተሰማቸው ስጠይቃቸው፣ "ዳቦው ትኩስ ነበር" አሉኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለጥቁር ማርከርዎም የማያልቅ ጫፍ እየተመኘሁ፣ ጥያቄዎቼ በጠበቡ ቁጥር እየሰፋ ለሄደው ትዕግሥትዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

የወንዝ ለኪው ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ባለወፍጮዋ ወደ ስፌት ቤቴ መጥተው ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ ጻፍኩላቸው፣ በአውራ ጣታቸው ፈርመውበታል፣ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የሚጠይቁት በዚያ ሐሙስ ከአምስት ሰዓት ከአርባ እስከ ስድስት ሰዓት በተረኛ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተደረገ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው፣ ሃያ ደቂቃ። ይህም ሰፊ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሃያው የትኞቹን ደቂቃዎች እንዲተዉልዎ እንደሚፈልጉ ለሴትዮዋ በጽሑፍ እንዲገልጹላቸው በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።