ቀስተኛው ጫካ ገባ

ሰኞ

ርእሰ መምህሩ ከሰልፍ መሃል ጠርተው ቢሮ አስገቡኝ። ለቅዳሜው የወላጆች ቀን ያዘጋጀሁት ታሪክ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ‹ጫካ ገባ› የሚለው ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል። ማን ጻፈው አሉኝ። የጥንት እንግሊዞች ተረት ነው፣ እኔ ለልጆች እንዲሆን በአማርኛ አሳጠርኩት አልኳቸው። «የጥንት እንግሊዝ ፍኖተ ሰላም ምን ትሠራለች?» አሉና ቃሉን እንድቀይር አዘዙኝ።

ሹም መሬቱን የቀማው ቀስተኛ ሸፍቶ ጫካ ይገባል፤ ከሀብታም ነጥቆ ለድሃ ይሰጣል። በቃ። ግን በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር ‹ጫካ ገባ› ሲባል ማን ስለ እንግሊዝ ያስባል? ይህን ሳላስብ መቅረቴ አናደደኝ። እሳቸው ትክክል መሆናቸው ደግሞ ባሰብኝ።

ማክሰኞ

‹ሽፍታ›ን በምን ልተካው? ‹ሕግ ያልተቀበለው ሰው› ስል ልጆቹ አዛጉ። ‹የኮበለለ› ስል ከጌታው የጠፋ ሎሌ መሰለ። ‹ጫካ›ን በ‹ደን› ብተካው ቀስተኛው የግብርና ባለሙያ ሆኖ አረፈው። አንዱ ተማሪ ችግኝ ሊተክል ነው ወይ የገባው አለኝ። ስቄ ደን ይሁን ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ

ሳቁ ዛሬ አለቀ። የትርንጎ እናት፣ እትዬ የሻረግ መጡ። ትርንጎ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ የቀስተኛውን እናት ሆና የምታነበው እሷ ናት። «መምህርት፣ ልጄን ከንባቡ ያውጡልኝ» አሉኝ።

የትርንጎ ታላቅ ወንድም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቤት የለም። ቡሬ ሥራ አግኝቶ ነው ይባላል። የት እንዳለ እኔ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ልጅቷ ግን ቤት ውስጥ ጮክ ብላ የምታጠናው «ልጄ የት ነው ቢሏችሁ እንጨት ሊለቅም ሄደ በሉ» የሚለውን ነው። ጎረቤታቸው በአጥር ሰምታ ኖሮ፣ ጠዋት «ልጅሽ እንጨቱን ደህና ይለቅማል?» አለቻቸው። የዚህች ሴት ወሬ ቀበሌ ለመድረስ ጀምበር አይፈጅበትም።

ለንባብ ብዬ የሰው ቤት ላፈርስ ነው።

ሐሙስ

አጎቴ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ስም ሳልጠራ ነገሩን አጫወትኳቸው፤ ታሪኩን ልሰርዘው አልኩ። ሳቁብኝ። «አይ ልጄ! የኛ ሰው ሰም ብቻ ብትሰጪው ወርቁን ሳያገኝ አያርፍም። አሁን ብትሰርዢው፣ ወርቁ ይኸው ነው ይላል። ይልቅ ሌላ ወርቅ ቅበሪለት፤ ቶሎ የሚያገኘውን።»

ዓርብ

ቀበርኩ። የእንግሊዙ ሹም እህሉን ጎተራ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ርእሰ መምህራችን የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንደሚዞሩ፣ መጻሕፍቱን አይጥ እንደጨረሳቸው የማያውቅ ወላጅ የለም። ለኔ ምን ይተርፈኛል? አላውቅም። ፈርቻለሁ።

እትዬ የሻረግን ለመንኳቸው። ትርንጎ ብትቀር ነው የሚጠረጠረው፤ በሰው ፊት ታንብበውና የተረት ቃል መሆኑን ሁሉም ይስማ አልኳቸው። «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አሉኝ። ይህ እሺታ ይሁን እርግማን እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ

ጎረቤቲቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እትዬ የሻረግ ከጎኗ። ትርንጎ ተነሳች። «ልጄ የት ነው ቢሏችሁ እንጨት ሊለቅም ሄደ በሉ» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ ያለውን የቁልፉን ክፍል ማንበብ የነበረብኝ ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ ድምፄ ጠፋ። ትርንጎ አየችኝና ራሷ ቀጠለችበት። «ቁልፉ ከሹሙ አንገት፣ እህሉ ከአይጥ ሆድ! የተቆለፈ ጎተራ ከአይጥ በቀር ማንን አጠገበ?»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ርእሰ መምህሩ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ያኔማ ሳቁ ባሰ። ጎረቤቲቱ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ወደ እትዬ የሻረግ ዞር ብላ «ለካ ስለ ቁልፉ ኖሯል! እኔ ደግሞ ሌላ መስሎኝ» አለቻቸው። እትዬ የሻረግ አልሳቁም። ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ፣ አጥንቴን እስኪያመኝ።

ርእሰ መምህሩ ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። ሰኞ መጠራቴ አይቀርም። ይጥሩኝ።

ወንበር ስንሰበስብ ትርንጎ ጠጋ አለችኝ። «መምህርት፣ ቀስተኛው መጨረሻ ላይ እናቱ ቤት ይመለሳል?»

በእንግሊዞቹ ተረት አይመለስም፤ እዚያው ጫካው ዳር ይቀበራል። ያንን ክፍል ሳሳጥር ትቼዋለሁ።

ይመለሳል አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ይመለሳል አልኳት።