መብራት ሲመለስ ያልተመለሰው ስክሪን

ወዳጄ ሆይ፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታየውን ሐይቅ እኔ አላየሁትም። ያየሁት መሣሪያችንን ልከታተል የመጣሁበትን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ማገገሚያ ክፍል ነው። ዛሬ ጠዋት መብራት ለቅጽበት ጠፍቶ ተመለሰ። የሌሎች ድርጅቶች መሣሪያዎች ወዲያው ተነሡ፤ እኛ የሠራነው የልብ ምት መከታተያ ግን የድርጅታችንን አርማ በስክሪኑ ላይ እያሽከረከረ ቀረ። ነርሷ የሕመምተኛውን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምቱን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

“ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃችሁ ፊቱን ታጥቦ እስኪመጣ ሰውዬው ይጠብቀው?” አለችኝ።

ደግነቱ ሰውዬው ደኅና ነው።

ምክንያቱን መርምሬ አረጋግጫለሁ። መሣሪያውን የሚያስነሣው ሶፍትዌር፣ ሊኑክሱ፣ ሲነሣ ኔትወርክ ፍለጋ ተስፋ እስኪቆርጥ ይጠብቃል፤ እዚህ ክፍል ደግሞ የኔትወርክ ገመድ የሚባል ነገር የለም። ቢሯችን ውስጥ ስንፈትሸው ግን ገመዱ ከመሣሪያው ተነቅሎ አያውቅም። “ያለ ገመድ እንሞክረው” ስንላቸው አለቃችን “የሚሠራ ነገር አይነካም” ማለታቸውን አትረሳውም። ጥበቃውንም አርማውንም አስወግጃለሁ፣ አሁን ቶሎ ይነሣል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ቦታ ጠበበኝ። እማማን ሳምልኝ፤ ለእኅትህም ሰላምታዬ ይድረሳት። አለቃችንን ግን፣ ቢሮ ያለውን መሣሪያ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለህ፣ አጥፍተህ አብራውና ፊት ለፊቱ አቁምልኝ፤ የገዛ እጃቸውን አንጓ ይዘው ስክሪኑ እስኪበራ ይቁጠሩ።