ከቆዳው ሥር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ዘንድሮም ጨከነብሽ? እኛ ልደታ አልሐምዱሊላህ አለን። ስትደውዪ ያላነሳሁት ድምፄን ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ግራ እጄ በካውያ ተቃጥሏል። እቤት ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ሽታው ሸቶት ሮጦ የደረሰልኝ ባለቤቴ ሰላሃዲን ነው፤ እኔ አልጮህኩም።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ዕፀገነት ትባላለች። ሁለቱ ጣቶቼ ላይተርፉ እንደሚችሉ ነገረችን። ሰላሃዲን ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ስለ ሌላ ሰው ጣት የሚወራ ይመስል አዳመጥኳት። ከዚያ እጄን አንድ መሣሪያ ሥር አስቀመጠችው። ቀይ ብርሃን ነው፣ ሌዘር ይሉታል። ምንም ሳይነካሽ ከቆዳሽ ሥር ደም መዘዋወር አለመዘዋወሩን ይለካል። ደም ያለበት በስክሪኑ ላይ ቀልቶ ይታያል፣ የሌለበት ሰማያዊ ነው። የኔ መዳፍ ከነሁለቱ ጣቶቼ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ።

ይኼን ስታይ ሰላሃዲንን አስወጣችው። ካውያ የነካው ሰው ወዲያው እጁን ይሰበስባል፣ ቃጠሎውም እንዲህ አይጠልቅም አለችኝ። «ማን ነው ይዞ ያቆየሽ?» አለች በሩን እያየች።

ማንም አልያዘኝም አልኳት። እሱ እንኳን እኔን ሊጎዳ፣ ዶሮም ማረድ አይችልም። አላመነችኝም። ምን እየተኮስሽ ነበር ስትለኝ የልጄን የሺፋን የዒድ ቀሚስ አልኳት። ስንት ዓመቷ ነው አለች። ክረምት ላይ ቀበርናት አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ሰላሃዲን አልጠየቀችኝም።

ለቀስተኛው ሁሉ ጠንካራ ነሽ እያለ ነው የሄደው፣ አንቺም ብለሽኛል። ጥንካሬ አልነበረም እማ፤ ምንም አይሰማኝም ነበር፣ ካውያውም እንኳ።

ትናንት መሣሪያው ሥር መልሳ አየችው። መዳፌ ከጭኔ በሚወሰድ ቆዳ ይሸፈናል፤ ጣቶቼ ግን ስክሪኑ ላይ ቀልተዋል፣ አይቆረጡም። ፋሻውን ስትለውጥ ጣቶቼን አመመኝ፣ ጮህኩ። ሰላሃዲን ሳያንኳኳ ገባ። እንባ አልመጣልኝም፤ ያኔ ግን የሱን ፊት አየሁት። ለካ በጣም ከስቷል።

ዕፀገነት ስለ ሐዘኔ ከማናግረው ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ብቻዬን እንዳልውልም ሰላሃዲንን አስጠንቅቃዋለች፤ እሱ ደግሞ ሱቁን መክፈት አለበት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽንም ይጠግንልሽ። ስትመጪ ምንም አትያዢ። ብቻ ነይልኝ።

ልጅሽ