ሲድርን ከሊጉ ያወረደው ምሳ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ ሙዲ፤ ኳላ ላምፑር።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተወሽ ወይስ እዚያ ሁልጊዜ ስለሚዘንብ መለየቱ አቃተሽ? ባለቤትሽ ዶክተር ዱሐይምስ ደህና ነው? ልጅሽ ጁድስ የፊት ጥርሷን አበቀለች? እኛ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ከሙቀቱና ከሐፍረቱ በስተቀር ደህና ነን። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፤ ሐፍረቱን ግን እነሆ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በቪዲዮ ስልክ ስለ አባታችን የተምር እርሻ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» እያልኩ ስዘጋብሽ ሁለት ወር ሆነኝ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ዓይንሽን እያየሁ መናገሩን ፈርቼ ነው። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ ልጀምርልሽ።

ክለባችን ሲድር ወደ ከፍተኛው ሊግ ባደገ ማግስት የመንግሥት ገንዘብ ከሪያድ እንደ ጎርፍ መጣ። አንቺ የምታውቂው አቧራማ ሜዳ ዛሬ የሚቀዘቅዝ ወንበር ያለው ስታዲየም ሆኗል። የቤት ኪራይ ሦስት እጥፍ ወጣ። ፀጉር አስተካካያችን ስሙን ወደ «የአውሮፓ የፀጉር ማዕከል» ቀየረ፤ መቀሱ ግን ያው ነው። አጎታችን ሙብሲር እንኳ ያንን ነጭ አህያውን የክለቡን መለያ አልብሶ በር ላይ አቆመና ከእሱ ጋር ፎቶ መነሳት በዐሥር ሪያል አደረገ። «ዐርባ ዓመት ተምር ተሸክሞልኝ ያላገኘሁትን ቆሞ አመጣልኝ» እያለ ሲምል ብትሰሚው ትስቂ ነበር።

ከዚያ የሆቴል ሰዎች መጡ። እርሻችን ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ስለሆነ ዘንባባውን ነቅለው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል ሊሠሩበት ፈለጉ። ውላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ሲድር በከፍተኛው ሊግ ከቆየ ይገዛሉ፣ ከወረደ ይተዉታል። እኔ ወንድምሽ ሙጥለቅ ካባ ስሰፋ የጎበጥኩት፣ በሆቴሉ ምድር ቤት መስታወት የተገጠመለት ሱቅ ታየኝ። «እትዬ፣ የሽያጭ ውሉን ቶሎ ፈርመሽ ላኪ» ብዬ ያጣደፍኩሽ ለዚህ ነው። እናታችን ግን አትሽጡ አላለችም። «ልጆች ናችሁ፣ ታውቃላችሁ» ብላ ዝም አለች። እኔ ጅሉ ዝምታዋ እሺታ መሰለኝ።

ለክለባችን የተገዛው አጥቂ ኢስቴባን የሚባል ኡራጓያዊ ነበር። መስከረም ላይ ሲመጣ ሆዱ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ፣ ሲሮጥ ጥላው የማይደርስበት ልጅ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ሁለት ጎል አስቆጠረና ጉዳችን ተጀመረ። የኛን ሰው ታውቂው የለ? አንዱ በር ላይ ጠብቆ «ወላሂ እኔ ቤት ሳትበላ ከዚህ አትነቃነቅም!» ብሎ ማለበት። መማሉን ጎረቤቱ ሰማና እሱም ማለ። ማለፍ ነውር፣ እምቢ ማለት ስድብ ሆነ። በየቤቱ የበጉን ጭንቅላት ከፊቱ አስቀምጠው «ብላ፣ አቡ ባሲል!» ይሉታል፤ የባሲል አባት ማለታቸው ነው። ልጅ እንኳ የለውም፤ የልጅ ስም ያወጣንለት እኛው ነን። ረመዳን ሲገባማ ልጁ ሳይጾም ያፈጥር ጀመር፤ ያውም በአንድ ምሽት ሦስት ቤት። መለያውን ሦስት ጊዜ በትልቅ ቀየሩለት።

ፖርቱጋላዊው አሠልጣኝ ሊያብድ ደረሰ። በመጨረሻ ኢማማችን ዘንድ ሄዶ «እባክዎ ሕዝቡን ይምከሩልኝ» አለ። ኢማሙም በጁምዓ ስለ ልከኝነት ልብ የሚነካ ስብከት ሰበኩ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከሶላት በኋላ አሠልጣኙ ሊያመሰግናቸው ቢቀርብ ኢማሙ እጁን ያዙና «ወላሂ ምሳ ሳትበላ አትሄድም!» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ቀበቶውን ፈታ። መንግሥት ገንዘቡን ያፈሰሰው ለእግር ነበር፤ እኛ ወደ ሆድ መለስነው።

መውደቅና መቆየታችን በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ። ካሸነፍን እንቆያለን። አሠልጣኙ ይህን ጊዜ ነቃና ኢስቴባንን ሁለት ሳምንት በር ዘግቶ አስራበው። ልጁ ቀለለ፣ ሮጠ፣ ተስፋችን ለመለመ። እኔ የሱቄን መስታወት በሕልሜ ስወለውል ከረምኩ።

ኢስቴባን የወርቅ ክር አንገት ያለው ካባ አዞኝ ነበር፤ ካሸነፍን ለድሉ ሊለብሰው። እናታችን ጠዋት «ካባውን ዛሬ ጨዋታው ሳይደርስ ይለካ፣ ቀኑ መልካም ነው» አለችኝ። ምን አሰብኩ መሰለሽ? ምንም። ለአሠልጣኙ «የሩብ ሰዓት ጉዳይ ነው» ብዬ ልጁን ከዙሁር ሶላት በኋላ አመጣሁት። የእንግዳ ክፍላችንን፣ የመጅሊሱን በር ስከፍት፣ በአል-ሐሳ ቀይ ሩዝ ላይ ሙሉ በግ ተጋድሟል! እናታችን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ «ንገረው! ካልበላ አላህ ይፋረደኝ በለው! እኔ እንደ እናቱ ነኝ በለው!» ትላለች። ሊነሳ ሲል «ጀሪሽ አለ በለው!» ያን የስንዴ ገንፎ ሲጨርስ «ተምር ይቅመስ፣ የባሌ እጅ የተከለው ነው በለው!» ልጁ ዓይኑን ወደኔ አቅንቶ «እናትህ ጠልታኝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስለወደደችህ ነው» አልኩት። ካባው በመጨረሻ ወገቡ ላይ አልገጥም አለ።

ማታ ስታዲየሙ ሞልቷል። እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ከዚያ ኳስ ተሻገረለት፤ በረኛው ተንሸራቶ ወድቋል፣ ጎሉ ባዶውን ተከፍቷል። ኢስቴባን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሮጦ ቆመ። ሆዱን ያዘ። ኳሱ ብቻውን እየተንከባለለ በቋሚው ጎን ወጣ። ስታዲየሙ ጸጥ ሲል አጎታችን ሙብሲር ተነስቶ «የማን ምሳ ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ የሌለኝን የጫማ ማሰሪያ ላስር አጎነበስኩ።

ዜሮ ለዜሮ ተለያይተን ወረድን። የሆቴል ሰዎች በሳምንቱ ስልክ ማንሳት ተዉ። ኪራዩ ወደ ቦታው፣ አህያውም ወደ ተምሩ ተመለሰ። ኢስቴባን ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ ሊሰናበት መጥቶ እናታችን ዘንድ አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰችና ስንቅ ቋጠረችለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን እርሻው ውስጥ ከዘንባባሽ ሥር፣ አንቺ ስትወለጂ አባባ ከተከለው ሥር ተቀምጣ አገኘኋትና «እማዬ፣ አውቀሽ ነው?» አልኳት። «እንግዳ አበላሁ። እንግዳ ማብላት ከመቼ ወዲህ ወንጀል ሆነ?» አለች። ቀጥላም «ሙዲ ስትመጣ የት ነበር የምትገባው? ከሆቴል ቁልፍ ተቀብላ?» አለችኝ። አፈርኩ፣ እትዬ። አንቺን ሳስፈርም አንድ ቀን ትመለሳለች ብዬ አለማሰቤን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ዶክተር ዱሐይምን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። ጁድን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሸማ ሰላም ብላሻለች፤ ልጆቹም እንዲሁ። አጎታችን ሙብሲር «አህያውን እንኳ ናፍቀሽዋል በላት» ብሏል፤ ምሳው የማን እንደነበረ ግን አደራ፣ እስከ ዛሬ አያውቅም። እናታችን ዓይንሽን ሳመች፤ ለጉልበትሽ የሚቀባ ቅባትም አስቀምጣልሻለች፤ ራስሽ መጥተሽ ካልወሰድሽው አልልክም ብላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ካርቶን ከዘንባባሽ የተለቀመ የዘንድሮ የመጀመሪያው እሸት ተምር ነው። እማዬ ራሷ ናት የጠቀለለችው። መጠቅለያውን ሳትጥይው ገልብጠሽ እይው፤ ከታች በኩል ፊርማሽን ታገኚዋለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ ሙጥለቅ

አል-ሐሳ፣ ሁፉፍ፤ ሙሐረም 12 ቀን 1446 ዓመተ ሒጅራ