ሁለት ለአንድ ሲፈረድ አንዱ የነበሩት ዳኛ

በወንድሜ ቀብር ላይ የሚነበበውን ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ መጀመሪያ የታዘዘው የተማረው የአጎታችን ልጅ ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ዳኛ ምን ታውቃለች ተባለ። እሱ የጻፈው ሲነበብልኝ «ከባልደረቦቻቸው ጋር በፍጹም መግባባት የሠሩ» ይላል። ቅጥፈት ነው፤ አስቀደድሁት። ይህኛው ከእኔ አፍ ወጥቶ የልጄ ልጅ የጻፈችው ነው። የሚያነበው ሰው አንዲት ቃል እንዳይዘል።

ወንድሜ ከድንጋይ ጠራቢው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልጣሉም ነበርና አዝዬ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ያዘልሁትን ልጅ «እርሳቸው» ማለት አፌን ቢከብደውም ለዛሬ ይሁን። ቀን በቆዳ ፋብሪካ መጋዘን እየሠሩ ማታ ማታ ተማሩ፤ ሕግ ጨርሰው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ዳኛ ሆኑ። የልብስ ስፌት መምህርት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

እስከ ጡረታቸው ድረስ ያስቻሉት ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ ጉዳዩ በሚታይበት ችሎት ነው፤ ከሌሎች ሁለት ዳኞች ጋር። እግሩ የተቀጠቀጠ ግንበኛ ይመጣል፣ ዓይኑ የፈሰሰ በያጅ ይመጣል። ሁለቱ «ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላሉ፤ ወንድሜ ብቻቸውን የልዩነት ሐሳብ ይጽፋሉ። ባልደረቦቻቸው አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በእሳቸው ሥር ሆነው ሥራ የተማሩት ሰብሳቢ ዳኛ ሲሆኑ እሳቸው ከዳሩ ወንበር ንቅንቅ አላሉም።

አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ቀኝ እጇን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ቆረጠው። ዳቦ ቤቱ ክዳኑን የከፈተችው ራሷ ናት ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ ማሽኑን ሊያዩ በሄዱ ዕለት ሁለቱ ዱቄቱ ሱፋችንን ያበላሻል ብለው ከመኪና አልወረዱም። ወንድሜ ገቡ። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይሠራ በሽቦ ታስሮ አገኙት፤ ሥራ እንዳይጓተት ያሳሰረው አለቃዋ ነበር። ነጭ ሆነው ሲመጡ ኮታቸውን ደጅ ላይ እያራገፍሁ፣ ፍርድ ቤት የላክሁት ሰው ከወፍጮ ቤት መጣልኝ አልሁ። አልሣቁም።

ሁለት ለአንድ ተፈረደባት። በችሎት ጮክ ተብሎ የሚነበበው የአብላጫው ውሳኔ ብቻ ነው፤ የልዩነቱ ሐሳብ ከኋላ ተሰፍቶ መዝገብ ቤት ይገባል። ልጅቷ ጠበቃ የላትም፣ እንደ እኔም ማንበብ አታውቅም። ሦስቱም የፈረዱባት መስሏት ወንድሜን መንገድ ላይ አግኝታ እግራቸው ሥር ተፋች። አብሬ ነበርሁ። ለምን አትነግራትም ብዬ ብቆጣቸው፣

«እትዬ፣ የእኔ ሐሳብ ምን ያደርግላታል? እጅ ሆኖ አይበቅልላት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ማቅቀው ባለፈው ማክሰኞ ንጋት በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ቀርተዋል። መቅደም የሚገባኝ እኔም ቀርቻለሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብቻዋን በማትፈርድበት ወንበር ያስቀምጥልን።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የዳቦ ቤቷ ሠራተኛ ከቀብሩ እንዳትቀር ልጄን ልኬ አስጠርቻታለሁ። የዚያን ዕለት ውሳኔውን ያነበቡት ሰብሳቢ ዳኛም የአበባ ጉንጉን ይዘው ከፊት እንደሚቀመጡ ተነግሮኛል። የወንድሜን የልዩነት ሐሳብ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ በእጄ ይዣለሁ።

የተከበሩ ሰብሳቢ ዳኛ፣ ያን ጊዜ ሳያነቡላት ያለፉትን አሁን ተነሥተው፣ ፊቷን እያዩ፣ ጮክ ብለው ያንብቡላት። እርስዎ እስኪጨርሱ ሳጥኑ ከዚህ አይነሣም።