አልገባ ያሉት ዲስኮችና የአባባ ድምፅ

ለምወድህ ወንድሜ ለአንዋር ቡርሀን
ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ ወንድምዓለም? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሣ እንደገና ቀሰቀስኸው? ባለቤትህ ዘሀራስ እንዴት ናት? ትንሿ ፈትያ ጥርስ አበቀለች ብላችሁኝ ነበር፤ እስካሁን መናከስ ሳትጀምር አትቀርም። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እማ ደኅና ናት። አባባም ደኅና ናቸው፤ ስለ እሳቸው የምጽፍልህ ብዙ ስለሆነ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። ገጽ እየዘለልህ እንዳትፈልግ፣ አውቅሃለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። ስንደዋወል እማ ካጠገቤ ናት፣ ጎረቤትም ይሰማል፤ ነገሩ ደግሞ እንዳይነገርህ ሽማግሌ የተማከረበት ነው። ለዕረፍት መጥታ የነበረችው ሸዋዬ ወደዚያ ስትመለስ ስላገኘኋት ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬዋለሁ። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የላክሃቸው ዲስኮች አልገጠሙም።

አዎ፣ እነዚያ ለማኅበራችን ኮምፒውተር ብለህ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ የላክሃቸው ሁለቱ። ዲስኮቹ ጤነኞች ናቸው። ግን ለትልልቅ ድርጅቶች ማሽን የተሠሩ ናቸው። ድረ ገጻችን ያለበት ሰርቨር የሚቀበለው ዲስክ መሰኪያው መሐል ላይ ክፍተት አለው፤ የአንተዎቹ እዚያ ላይ ድፍን ናቸው። በግድ ብገፋቸው ማሽኑን ሰብሬ አርፈው ነበር። ቀድመህ ፎቶ ብትልክልኝ አይቼ እነግርህ ነበር፤ አንተ ግን ድንገት ላስደስታቸው አልህ። አስደስተኸናልም።

ዕቃው የደረሰ ቀን ባሕር ዳር ያለው የቁንዝላ ሰው ሁሉ የተወላጆች ማኅበራችን ክፍል ተሰብስቦ ነበር። ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሽማግሌ ተነሥቶ መረቀህ። እማ ቆማ አሚን አለች። እኔ አንዱን ዲስክ አንሥቼ መሰኪያውን አየሁና “ይኼ እኮ አይገባም” ስል፣ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ወልደ ጻድቅ ክንዴን ያዝ አድርገው “ዝም በይ ልጄ፣ ከስደት የመጣ ስጦታ ጠበበ ሰፋ አይባልም፤ ልጁ ሞራሉ ይነካል” አሉኝ። እሳቸው እንኳ ልጃቸው የላከላቸውን ጃኬት፣ እጀታው ከጣታቸው አልፎ ሄዶ፣ አጥፈው አጥፈው በየስብሰባው ይለብሱታል። ስለዚህ ዕቃው ገባ ተብሎ ለቁንዝላ ተነገረ፣ ለአንተም ምስጋና ተላከ፣ ዲስኮቹም ሰርቨሩ ራስ ላይ እንደ ጌጥ ተቀመጡ። ሰርቨሩን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ የማይሠራ ነገር በየቀኑ እያየሁ ዝም ማለት እንዴት እንደሚያቃጥል አንተ ታውቀዋለህ።

አንተ ጠዋት ከሻይህ ጋር የምትከፍተው የቁንዝላ ልጆች ድረ ገጽ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳረፈ የምታይበት፣ በሙሉ ያለው በዚያች ሰርቨር ላይ ነው። መጠባበቂያው ዲስክ ከሞተ ወዲህ ሌላ ቅጂ አልነበረንም። አባባ ሳይታመሙ፣ የጀልባን አሠራር ከጣውላ መረጣው ጀምረው የተናገሩትም እዚያው ላይ ብቻ ነበር፤ የቀረጽሁበት ስልክ ሐይቅ ከገባ ቆይቷል። ሕመሙ ምላሳቸውን ከያዘው ወዲህ ያ ጥርት ያለ ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም።

መስከረም ላይ የቀረው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። የአባባን ቅጂ ብከፍተው እየተቆራረጠ ነው የሚሄድ። በቀጥታ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ቤት ሄድሁና “ጋሽዬ፣ አንዋር ዲስኩ ባለመግጠሙ ካዘነ የአባቱ ድምፅ ሲጠፋ ምን ሊሆን ነው?” አልኋቸው። እጀታቸውን ሲያጥፉ ሲዘረጉ ቆዩ። በመጨረሻ “እንግዲያስ እንደ ፈቀድሽ አድርጊ፤ መንገሩ ግን በደግ ቃል ይሁን” አሉኝ። ይኸው በደግ ቃል እየነገርሁህ ነው።

ማታ አንዱን ዲስክ ቤት ወስጄ እንዳልገጠመ ለአባባ ነገርኋቸው። እንደምታውቀው ከታመሙ ወዲህ ሰው ፊት አይናገሩም። አንተ አባባ ስልክ የማያነሡት ተቀይመውኝ ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ አይደለም ወንድሜ፣ በምላሳቸው አፍረው ነው። ያን ዕለት ግን ዲስኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ቀስ ብለው “ታዲያ… የየትኛው ጀልባ ነው?” አሉኝ። ትዝ ይልሃል፣ ጀልባ ሲሠሩ አንዱ ላይ አልገጥም ያለ ጣውላ ካለ ምልክት አድርገውበት ለሌላ ያስቀምጡት ነበር። እኔ ዲስኮቹን ሸጬ ሌላ ለመግዛት የሚገዛ ሰው ልፈልግ ነበር፤ ለካ መፈለግ ያለብኝ የሚገባበትን ማሽን ኖሯል።

አብራኝ የተማረችው ሰብለ ወንጌል የአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሮች ኀላፊ ናት። ብጠይቃት የእነሱ ትልቁ ማሽን ልክ የአንተን ዐይነት ዲስክ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ዲስኮች ደግሞ ከእሽጋቸው ሳይወጡ መደርደሪያዋ ላይ ነበሩ። አለቃዋን አስፈቅዳ ተለዋወጥን። የአንተ ስጦታ ነው የገባው፤ በሌላ በር ገባ እንጂ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር፣ እሱን ደግሞ ለማንም አላስነካሁም። መብራት እንዳይጠፋብኝ ባትሪ ተዋስሁ። አልቀረም፣ ከሰዓት በኋላ ጠፋ፤ ባትሪው ያዘልኝ። አሮጌው ዲስክ እያቃሰተ ያለውን ሰጠ። ከሰርግህ ፎቶዎች ጥቂቶቹ አልወጡም። ያ ሰፊ ሱፍህ የታየባቸው ናቸውና ብዙ አላዘንሁም። አሁን ቅጂው በሁለት ዲስክ ላይ አለ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይኖራል። ይህን ስጽፍ በሙሉ ልቤ ነው።

ግን ተከፍቶ ሳልሰማው አላምንም ብዬ አባባን ይዣቸው ሄድሁና የእሳቸውን ቅጂ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ከፈትሁት። ምንም ሳይቆራረጥ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ጣውላው ፀሐይ ላይ ይደርቃል የሚለው ጋ ሲደርስ በእጃቸው ጠረጴዛውን መቱ። “ተሳስቻለሁ” አሉ፣ “ጥላ ሥር ነው። ፀሐይማ ይሰነጥቀዋል።” ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ እሳቸው እንዳስጠጋው ጠቆሙኝ። ያችን አንዲት ነገር ለማረም ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ጣልቃ አልገባሁባቸውም። ሲጨርሱ አጥፍቼ ልነሣ ስል “ቆዪ፣ አንድ ቀርቶኛል” አሉኝ።

እማ፣ ዘሀራንና ፈትያን በሁለት ጉንጫቸው ሳምልኝ ብላለች፤ ሰውነትህንም ጠብቅ ብላለች። ጋሽ ወልደ ጻድቅ እጅ ነሥተዋል፤ እንዳትቀየማቸው በጣም ፈርተዋልና በሚቀጥለው ስትደውል በስማቸው ጥራቸው። ሰብለ ወንጌል ሳታውቅህ አመስግናሃለች። እኔም ከልቤ ሰላም እልሃለሁ።

አባባ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ሰላም በይልኝ አላሉም። ሰላምታቸውን ራሳቸው ቀርጸውልሃል፤ ድረ ገጹ ላይ በስምህ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያው ላይ ረጅም ዝምታ አለ። ዲስኩ ተበላሸ ብለህ እንዳትዘጋው፣ ታገሥና አዳምጥ። ስምህን ለማውጣት እየታገሉ ነው፤ ያወጡታል።

እኅትህ ሱምያ ቡርሀን
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.